ፎቶግራፍ አንሺው መሐመድ አሚን

የናይሮቢ ከተማ ምዕራባዊ ክፍል ከፍ ያለ፣ ነፋሻና ዛፍ የበዛበት ነው። በዚያ ከሚገኙት ሰፈሮች አንዱ ኪሌሌሽዋ ይባላል። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ከተማይቱ በዘር ተከፋፍላ ስለ ነበረች፣ ኪሌሌሽዋና አጎራባቾቹ የአውሮፓውያን ሹማምንትና የቤተሰቦቻቸው መኖሪያ ነበሩ። ከህንድ ክፍለ አህጉር የመጡ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ይኖሩባቸው ከነበሩት ሰፈሮች አንዱ ደግሞ በከተማይቱ ምሥራቅ የሚገኘው ኢስትሊ ነው። መሐመድ አሚን የተወለደው በዚህ በኢስትሊ ሰፈር እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1943 ነበር። አባቱ ከፑንጃብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣ፣ በባቡር መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ግንበኛ ነበር። ከእንዲህ ያለ ቤት የተወለደ ልጅ የዓለምን ታላላቅ ሰዎች ቀርቦ ያያል፣ እርሱ ያነሣቸውን ምስሎችም በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ይመለከታል ብሎ በዚያን ጊዜ የሚያስብ አልነበረም።

አሚን ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ኑሮውን ታንጋኒካ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ዳር-ኤስ-ሰላም ለወጠ። በዚያም ሌላ ሰው የተገለገለባት አንዲት የቦክስ ብራውኒ ካሜራ እጁ ገባች። ይህች ካሜራ እንደ ስሟ ከሣጥን ብዙም የማትበልጥ ነበረች። ሌንሷ አንድ ነጠላ መስተዋት፣ የመዝጊያዋም ፍጥነት አንድ ብቻ ነው። ርቀት የሚስተካከልበትም ሆነ ብርሃን የሚለካበት መሣሪያ የላትም። ፀሐይ ካልደመቀች ምስሉ ይጨልማል፤ የሚነሣው ነገር ከተንቀሳቀሰ ይደበዝዛል። በአንድ ጥቅል ፊልም የሚነሡትም ፎቶግራፎች ስምንት ብቻ ናቸው። እንዲህ ባለ ካሜራ የሚሠራ ሰው መምረጥ የሚጀምረው ፊልሙ ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ በኋላ ሳይሆን፣ ጣቱን መጫኛው ላይ ከማሳረፉ በፊት ነው። ስምንቱ ካለቁ አለቁ።

ልጁ ፊልም ማጠብንና ፎቶግራፍ ማተምን ገና በተማሪነቱ ለመደ። በኋላ ሳፋሪ ራሊ በመባል የታወቀውን የምሥራቅ አፍሪካን የመኪና ውድድር እያነሣ ለጋዜጦች መሸጥም ጀመረ። በአቧራ መካከል የሚከንፍ መኪና ማንሣት ለጀማሪ ቀላል ፈተና አይደለም። ካሜራው ቀጥ ብሎ ከቆመ መኪናው ተንዘላዝሎ እንደ ጥላ ይወጣል። ካሜራው መኪናውን ተከትሎ ከዞረ ግን መኪናው ይጠራና ከበስተ ኋላው ያለው ዛፍና ሰው ይዝላል። ይህ የኋለኛው ምስል በሕጉ መሠረት ከታየ ግማሹ የተበላሸ ነው፤ ነገር ግን ፍጥነትን ለተመልካቹ የሚነግረው ያ የተበላሸው ግማሽ ነው። አንዳንድ ጊዜ ስሕተት የሚመስለው ነገር የምስሉ ሐሳብ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1963፣ የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ፣ አሚን ካሜራፒክስ የተባለውን የራሱን የፎቶግራፍ ድርጅት በዳር-ኤስ-ሰላም አቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት በዛንዚባር አብዮት ሲነሣ ወደ ደሴቲቱ ተሻግሮ ሁኔታውን በፊልም ቀረጸ። ይህ ሥራው ግን ብዙ አስከፈለው። የዛንዚባር ወታደሮች በምሥራቅ ጀርመንና በሶቪየት አሠልጣኞች ሲሠለጥኑ የሚያሳይ ፊልም ስላነሣ እ.ኤ.አ. በ1966 ተይዞ ታሰረ። ሃያ ስምንት ቀን በወህኒ ቤት ሥቃይ ከደረሰበት በኋላ ከአገሪቱ ተባረረ። ወደ ተወለደባት ወደ ናይሮቢ ተመልሶ ሥራውን እንደገና ጀመረ፤ ከዚያ በኋላም እስከ ዕለተ ሞቱ መደበኛ መኖሪያው ናይሮቢ ሆነ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1969 ቅዳሜ ቀን፣ የኬንያ የኢኮኖሚ ፕላን ሚኒስትር የነበረው ቶም ምቦያ በናይሮቢ መካከል ከአንድ መድኃኒት ቤት ሲወጣ በጥይት ተመታ። ምቦያ ከነፃነት በኋላ ለአፍሪካውያን ክፍት በሆኑት በምዕራቡ ሰፈሮች፣ ከኪሌሌሽዋ ጎን ባለው በላቪንግተን ይኖር ነበር። አሚን ወሬውን እንደ ሰማ ካሜራዎቹን ይዞ ደረሰ። የቆሰለው ሚኒስትር ወደ ሆስፒታል በሚወሰድበት አምቡላንስ ውስጥም ገብቶ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ቀረጸ።

በዚያ አምቡላንስ ውስጥ የነበረውን የሥራ ሁኔታ ማሰብ ያስፈልጋል። ቦታው ጠባብ ነው፤ መኪናው ይሮጣል፣ ይንገጫገጫል፤ ብርሃኑ በትንንሽ መስኮቶች የሚገባው ብቻ ነው። ሰዎች በካሜራውና በቆሰለው ሰው መካከል ይመላለሳሉ። አንድ የፎቶግራፍ መምህር እንዲህ ባለ ቦታ ከተነሡ ምስሎች ላይ ጉድለት መልቀም ቢፈልግ ገጽ ሙሉ መጻፍ ይችላል። ዳሩ ግን በዚያ ዓመት አሚን በእንግሊዝ አገር የዓመቱ ምርጥ የቴሌቪዥን ዜና ካሜራማን ተብሎ የተሸለመው ለዚህ ሥራው ነበር። ዳኞቹ የመረጡት በአንድ አገር ታሪክ ላይ ከባድ መዘዝ ያስከተለችውን፣ ዳግም የማትገኘውን ሰዓት ይዞ የቀረውን ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ጥራት አያስፈልግም ማለት ታላቅ ስሕተት ነው። የፎቶግራፍ ምርጫ ሁለት ሚዛኖች አሉት። አንደኛው ሚዛን የእጅ ሥራውን ይመዝናል፦ ምስሉ ጠርቷል ወይስ ደብዝዟል፣ ብርሃኑ በዝቷል ወይስ አንሷል፣ ቀለሙ ተጠብቋል ወይስ ተለውጧል፣ አድማሱ ቀጥ ብሏል ወይስ ዘሟል ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሚዛን ማንም ትጉህ ሠራተኛ በጥቂት ወራት ሊለምደው ይችላል፤ ሁለት ሰዎችም ቢመዝኑበት ብዙ አይለያዩም። ሁለተኛው ሚዛን ግን ምስሉ ምን እንደሚናገር፣ ለምን ያህል ጊዜ በተመልካች ልብ እንደሚቆይ፣ ሌላ ምስል የማይተካው ምን ነገር እንዳለው ይጠይቃል። ይህን የሚያሳይ አጉሊ መነጽር የለም። ክርክር የሚነሣውም ሁልጊዜ በዚህኛው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሚዛን ክብደት ምስሉ እንደሚውልበት ሥራ ይለያያል። የድሮ ጋዜጣ ፎቶግራፍን የሚያትመው በሻካራ ወረቀት ላይ በትልልቅ ነጠብጣቦች ነበር። ስለዚህ በጨለማ የተነሣ፣ እንደ አሸዋ ቅንጣት የተፈረፈረ ምስል እንኳ ጉድለቱ በነጠብጣቡ ውስጥ ይሸፈንለታል። የቀለም መጽሐፍ ግን ምሕረት አያውቅም። በዚያ ዘመን ለመጻሕፍት የሚመረጠው የስላይድ ፊልም ቁመቱ 24፣ ወርዱ 36 ሚሊሜትር ነበር። ይህን ወደ 24 በ36 ሴንቲሜትር ገጽ ማሳደግ በየአቅጣጫው አሥር ጊዜ፣ በስፋት መቶ ጊዜ ማሳደግ ማለት ነው። በፊልሙ ላይ የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ የነበረች ብዥታ በገጹ ላይ አንድ ሚሊሜትር ትሆናለች። ስላይድ በብርሃን አለካክ ረገድም ሆደ ሰፊ አይደለም፤ ብርሃኑ ጥቂት ከበዛ የሰማዩ ቀለም ይጠፋል፣ ጥቂት ካነሰ የሰው ፊት ይጠቁራል። ስለዚህ የመጽሐፍ አዘጋጅ ከሥሩ መብራት ባለው የመስተዋት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ መቶውን ጥሎ አንዱን ቢያነሣ ጭካኔ አይባልበትም።

አሚን በሁለቱም ዓለም የኖረ ሰው ነው። ከዜና ሥራው ጎን ለጎን የሥዕል መጻሕፍት ያዘጋጅ ነበር። እስላም በመሆኑ ሌላ እምነት ላላቸው ሰዎች ወደተከለከለችው ወደ መካ ገብቶ የሐጅን ሥርዓት አነሣ፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1978 ታተመ። በሰሜን ኬንያ በረሃ ስላለው ስለ ቱርካና ሐይቅና በዙሪያው ስለሚኖሩት ሕዝቦች ያዘጋጀው በ1981፣ ከፎቶግራፍ አንሺው ከደንከን ዊሌትስና ከጸሐፊው ከብራያን ቴትሊ ጋር ስለ ኬንያ ያዘጋጀው ደግሞ በ1982 ወጡ። እነዚህ በትዕግሥት የሚሠሩ መጻሕፍት ናቸው፤ የጠዋቱ ፀሐይ ካልተመቸ የነገውን መጠበቅ ይቻላል። በአምቡላንሱ ውስጥ ግን ነገ የሚባል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ዓይነት ሥራ የእጁን ችሎታ አስላው። ይህ ችሎታ ባይኖረው ኖሮ በሁለተኛው ዓይነት ሥራ ላይ ከጥድፊያና ከጨለማ ውስጥ ምንም ነገር ይዞ ባልወጣ ነበር። ስለ ኪነ ጥበባዊ ዋጋ ሲነገር ሰነፎች የሚዘነጉት ይህን ነው፤ ባለመቻል የደበዘዘ ምስልና ሌላ ማድረግ ባለመቻሉ የደበዘዘ ምስል አንድ አይደሉም።

በሌላው ዓለምም ይህንኑ የሚመስል ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944 የአሜሪካና የተባባሪዎቿ ጦር በኖርማንዲ ዳርቻ ሲወርድ ሮበርት ካፓ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ከወታደሮቹ ጋር ባሕር ውስጥ ነበር። ከዚያ ዕለት ሥራው የተረፉት ምስሎች አሥር ያህል ብቻ ናቸው። አንደኛው በማዕበሉ ውስጥ የሚጋፈጥ ወታደር ያሳያል፤ ፊቱ እንኳ በውል አይለይም። የቀሩት ምስሎች በጨለማ ክፍል በደረሰ አደጋ ጠፉ ተብሎ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ቆይቶ፣ በኋላ ይህ አባባል በተመራማሪዎች ዘንድ አጠራጣሪ ሆኗል። ስለ ድብዝዝነቱ ምክንያት የሚደረገው ክርክር ባያቆምም፣ የዚያን ዕለት ፍርሃትና ትርምስ ከዚህ ምስል አስበልጦ የሚያሳይ የጠራ ፎቶግራፍ አልተገኘም። በተቃራኒው ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 በካሊፎርኒያ ያነሣቻትን፣ ልጆቿ ትከሻዋ ላይ የተጠጉባትን ችግረኛ እናት እንመልከት። በምስሉ ጥግ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ይታይ ነበር። ላንግ ይህን እንደ እንከን ቆጥራ ከጊዜ በኋላ ከኔጋቲቩ ላይ አስጠፋችው። ሆኖም ጣቱ በመጥፋቱ በእናቲቱ ዓይን ውስጥ ያለው ጭንቀት አልጨመረም፤ ጣቱ እያለም አልጎደለም ነበር።

የአሚን ሁለት ሚዛኖች በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ የተገናኙት በኢትዮጵያ ነው።

በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ ድርቅና ጦርነት ተደራርበው ብርቱ ረኀብ አስከትለው ነበር። ወደ አካባቢው ለመሄድ ፈቃድ ማግኘት ለውጭ ጋዜጠኞች እጅግ አስቸጋሪ ነበር። አሚን ሳይታክት ደጅ ጠንቶ ፈቃዱን አገኘ። ከእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋርም በአንድ የዕርዳታ ድርጅት አውሮፕላን ወደ ሰሜን ተጓዘ። በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው ወደ ኮረም የደረሱት በጥቅምት ወር ነበር (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1984)። ኮረም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ደጋ ናት፤ የጥቅምት ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል። ከቀያቸው የተፈናቀሉ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በከተማይቱ ዳር በሜዳ ላይ ሰፍረው ነበር። ብዙዎቹ ከአንድ ኩታ በቀር ከብርድ የሚከልላቸው አልነበራቸውም።

አሚን ሥራውን የጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። የፎቶግራፍ መመሪያዎች ሁሉ ከሚከለክሉት ብርሃን አንዱ ይህ ነው። ፀሐይዋ ገና አልወጣችም፤ ቀለም የለም። ጭጋጉና የማገዶው ጢስ ተቀላቅሎ የቅርቡንና የሩቁን ልዩነት አጥፍቶታል። ሰዎቹ የሚታዩት እንደ ግራጫ ጉብታ ነው፤ ከመሬት ጋር ተመሳስለዋል። አንድ ሰው ረፋድ እስኪሆን፣ ሰማዩ እስኪጠራና የሕዝቡ ፊት በደንብ እስኪበራ መጠበቅ ይችል ነበር። በረፋዱ ብርሃን የሚገኘው ምስል ያለ ጥርጥር የጠራ ይሆናል። ነገር ግን በረፋድ ብርዱ ይጠፋል፤ የሌሊቱ ሙታን ተነሥተው ያልቃሉ፤ ሕዝቡም ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ የሚመሰክር ነገር አይኖርም። በዚያ ሜዳ ላይ ጭጋጉ ራሱ ወሬው ነበር።

አሚን በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ በችኮላ አላነሣም። ካሜራው በዝግታ ይንቀሳቀሳል፤ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በጥሞና ይሄዳል፤ አንድ እናት ልጇን እንዳቀፈች ከተቀመጠችበት ሲደርስ ይቆማል። አያሳድድም፣ አያዋክብም። ተመልካቹም ዓይኑን ለማዞር ጊዜ አለው፤ ሳያዞር ይቀራል እንጂ። ይህ ዝግታ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው እጅ ሥራ ነው። ብርሃኑ ደካማ ነበር እንጂ ሥራው ደካማ አልነበረም። በዚያ ሜዳ የዋሉት ሁሉ ካዩት ነገር ጋር ብዙ ጊዜ ኖረዋል፤ አሚንም ብዙ ጦርነት አይቶ የማይበገር የነበረ ሰው ሆኖ ሳለ ከኮረም እንደ ሄደ አልተመለሰም።

ምስሉ ከተነሣ በኋላ የሚቀጥለው ፈተና የመራጮቹ ፈተና ነበር። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984) አሳየው። ኤን ቢ ሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ አዘጋጆች ግን በመጀመሪያ ፍላጎት አላሳዩም። ያን ሰሞን የምርጫ ዘመቻ ስለ ነበረ የአየር ሰዓቱ ተጣብቦ ነበር፤ የአፍሪካ ረኀብም ለእነርሱ አዲስ ወሬ አልመሰላቸውም። ለንደን የነበረው ወኪላቸው ግን ምስሉን ራሱ አይቶ ስለ ነበረ ሳይፈቀድለት በሳተላይት ላከው። ኒውዮርክ ያሉት አዘጋጆች ሲመለከቱት ሁልጊዜ ጫጫታ የማያጣው የዜና ክፍል ጸጥ አለ። ያንኑ ምሽት አስተላለፉት። በወሬ ሲሰሙት የጣሉትን በዓይናቸው ሲያዩት መረጡት። ፎቶግራፍን ሳያዩ በአርእስቱ ብቻ መመዘን ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ምስሉ ከ400 በሚበልጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ታየ፤ የተመልካቹም ብዛት ወደ 470 ሚሊዮን ይገመታል። ካዩት መካከል አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ በእንግሊዝ፣ በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ ሙዚቀኞች ለዕርዳታ ዘፈን አወጡ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላዴልፊያ በአንድ ቀን የተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅትም ከዚህ የተነሣ ነው። እህልና መድኃኒት የጫኑ አውሮፕላኖችና መርከቦች መጡ። ስንት ሕይወት እንደ ተረፈ በቁጥር መናገር አይቻልም፤ ብዙ እንደ ተረፈ ግን አያከራክርም።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ምስሎች ምን ያህል ኃይል እንዳላቸው ያወቀው በዚያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረኀብ የሠራው ፊልም በአገሩ ታይቶ ነበር። ይኸው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዋዜማ፣ በመስከረም 1967 ዓ.ም.፣ የቤተ መንግሥት ግብር ከሚያሳዩ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። እዚያ ላይ የተመረጠው አንድ ምስል ብቻ አልነበረም፤ የትኛው ምስል ከየትኛው ጎን እንደሚቀመጥም ጭምር ተመረጠ። ረኀቡም ግብሩም እውነት ነበሩ፤ ፍርዱን የሰጠው ግን ጉርብትናቸው ነው።

የኮረምም ምስሎች ነቀፋ አላጡም። ሕዝቡ ለምን ተራበ የሚለውን ጥያቄ፣ የጦርነቱንና የአስተዳደሩን ድርሻ፣ ምስሉ ብቻውን ሊመልስ አልቻለም። በምስሉ የታዩት ሰዎችም ለተመልካቹ ስም አልነበራቸውም፤ ገበሬነታቸው፣ ሙያቸው፣ የትውልድ መንደራቸው አልተነገረም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በውጭ አገር ኢትዮጵያ ሲባል በሰው ሐሳብ የሚመጣው ያ ግራጫ ሜዳ ብቻ ሆነ። ወደ ባሕር ማዶ ለትምህርት የሄዱ ወጣቶች ይህን ጥያቄ በየደረሱበት ሲመልሱ ኖረዋል። ነቀፋው እውነት አለው። ሆኖም ጥፋቱን በጠቅላላ በአንሺው ላይ ማሳረፍ አይገባም። አንድን ምስል ሺሕ ጊዜ የመረጡትና ሌሎቹን በመሳቢያ የተዉት በየአገሩ በአዘጋጅነት ወንበር የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

አሚን ራሱ ግን ሌሎቹን ምስሎች በመሳቢያ አልተዋቸውም። ሰላምታ የተባለውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተሳፋሪዎች መጽሔት ለብዙ ዓመታት ያዘጋጅ የነበረው የእርሱ ድርጅት ካሜራፒክስ ነበር። በዚያ መጽሔት ገጾች ላይ ተሳፋሪው የሚያያት ኢትዮጵያ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደር ግንቦች፣ የበዓልና የገበያ ቀለማት ያሉባት አገር ነበረች። በእነዚህ ሥራዎች ላይ የጥራቱ ሚዛን እንደገና ይከብዳል፤ አንጸባራቂ ወረቀት ጭጋግ አይወድምና። አንድ ድርጅት ሁለቱንም ዓይነት ሥራ መሥራቱ ለአንዳንዶች እንግዳ ይመስላቸው ይሆናል። ግን ኮረምም ላሊበላም እውነት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የመንገድ ርቀትም ብዙ አይደለም።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ መንግሥት በተለወጠ በሳምንቱ፣ በአዲስ አበባ አንድ የጥይት መጋዘን በሌሊት ፈነዳ። አሚን ከባልደረቦቹ ጋር ቃጠሎውን ለመቅረጽ ሄዶ ሳለ ሌላ ታላቅ ፍንዳታ ተከተለ። አብሮት ለዓመታት የሠራው ድምፅ ቀራጩ ጆን ማታይ ሞተ። አሚን ግራ ክንዱን አጣ።

ለካሜራማን ግራ እጅ የሥራው ግማሽ ነው። ቀኙ ካሜራውን ሲይዝ፣ ሌንሱን እያዞረ ምስሉን የሚያጠራው ግራው ነው። የዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ካሜራ ደግሞ በትከሻ የሚሸከሙት ከባድ ዕቃ ነበር። ብዙ ሰዎች የአሚን ሥራ እዚህ ላይ እንዳበቃ አሰቡ። እርሱ ግን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ክንድ አሠርቶ፣ ካሜራውን በዚያ መያዝን ተለማምዶ በወራት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። በባሕርዩ ከባድ ሰው እንደ ነበረ የሚያውቁት ይመሰክራሉ፤ ራሱን አያሳርፍም፣ አብረውት የሚሠሩትንም አያሳርፍም ነበር። ቤተሰቡ ከእርሱ ይልቅ ሻንጣውን ያውቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህም የሕይወቱ አንድ ክፍል ነውና ሊሸፈን አይገባም።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1996) አሚን ከባልደረባው ከብራያን ቴትሊ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ለመመለስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ 961ኛ በረራ ተሳፈረ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 767 ሲሆን 175 ሰዎች ነበሩበት። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሰዎች አውሮፕላኑን ጠልፈው ወደ አውስትራሊያ ካልሄደ አሉ። አብራሪው ሻምበል ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ደጋግሞ ቢያስረዳም የሚሰማው አላገኘም። ከአደጋው የተረፉ ሰዎች እንደተናገሩት፣ አሚን በመጨረሻው ሰዓት ከመቀመጫው ተነሥቶ ከጠላፊዎቹ ጋር ይከራከር ነበር። ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪው አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ደሴቶች፣ በታላቂቱ ኮሞር ዳርቻ፣ ባሕር ላይ ለማሳረፍ ሞከረ። 125 ሰዎች ሞቱ፤ 50 ተረፉ። መሐመድ አሚንና ብራያን ቴትሊ ከሞቱት መካከል ነበሩ። አሚን የኖረው 53 ዓመት ነው።

በናይሮቢ የተወው ስብስብ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ ፎቶግራፎችና ብዙ ሺሕ ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ይዟል። ልጁ ሳሊም አሚን ይህን ሀብት ተረክቦ የአባቱን ሕይወት የሚያሳይ ፊልም ሠርቷል። ከዚያ ሁሉ ክምችት ውስጥ ሕዝብ የሚያውቃቸው ምስሎች ምናልባት ጥቂት መቶዎች ቢሆኑ ነው፤ የቀሩት ገና መራጭ ይጠብቃሉ።

አውሮፕላኑ ባሕሩን ሲነካ ግራ ክንፉ ቀድሞ ውኃውን መታ፤ ከዚያ አካሉ ተገልብጦ ተሰባበረ። በዚያች ሰዓት በአቅራቢያው ባለ ሆቴል ዳርቻ ላይ ጎብኚዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ለመዝናኛ በያዘው ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ ይህን ቀረጸ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ርቀቱ ብዙ ነው፤ አንሺው ሙያ የለውም። ያንኑ ቀንና በማግሥቱ የዓለም ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሁሉ ያሳዩት ይህንን ነበር።